ማጅራት

ፊት ተማሪው ይቀመጣል፣ ከኋላው እኔ አስተማሪው፤
ሁለት ወንበር፣ ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሽቦ አስተሳሳሪው።
ሸራ የለበሰች እንጨት፣ ክንፍ በክንፍ ላይ የደረበች፣
የጉሎ ዘይት እየተፋች በሩዙ ማሳ ያረበበች፣
ለጦር አትሆንም ተብላ ለማስተማሪያ የተጣለች፣
እንደ ሰነፍ በቅሎ ስንቱን ጥላ ስንቱን ያዘለች።

ሦስት ዓመት በካሜሪ ሜዳ፤ አንድም ፊት በቅጡ አላውቅም፤
በጭጋግ ይመጣሉ፣ መነጽር አጥልቀው፤ ስማቸውን ሁለቴ አልጠይቅም።
የማውቀው ያችን አንድ ስንዝር፣
በቆዳው ቆብና በኮሌታው መሀል፣ ብርድ የሚመታትን ድንበር፤
ማጅራት።

አንዱ በምላጭ የተላገ፣ አንዱ ቡግንጅ ያወጣበት፣
አንዱ እናቱ ያሰረችው የመዳልያ ክር ያለበት፣
አንዱ ሲፈራ ፍም የሚመስል፣ አንዱ በላብ የሚርስበት።

ሞተሩ ሲጮህ ቃል አይሰማም፤ ቋንቋችን አንዲት አርጩሜ ናት፤
ግራ ትከሻን ነካ፣ ወደ ግራ፤ ቀኙን ነካ፣ ወደ ቀኝ አዙራት፤
ማጅራቱን ቸብ፣ ልቀቅ፣ ዘንጉን ልቀቅ፣ እኔ ልያዛት።
በዚህ የተነሣ በሰፈሩ ስም ወጣልኝ፤ ማጅራት መቺ።
ሳቅሁ። ያኔ ማን ያስብ ነበር፣
ማን ዘራፊ፣ ማን ተመቺ።

ዴልፎ የሚሉት ልጅ ነበር፣ ከኮማኪዮ ረግረግ የመጣ፣
አባቱ መረብ ጥሎ የሚያድር፣ እባብ የመሰለ ዓሣ ሊያወጣ።
ማጅራቱ ላይ የመንጠቆ ጠባሳ፣ ጎባጣ፣ እንደ ጥፍር ቅራፊ።
ዘንጉን እንደ መቅዘፊያ ይዞ ወደ ሆዱ ይጎትተዋል፤
አፍንጫዋ ሽቅብ ሲቀና ሞተሩን ትንፋሽ ያጥረዋል።
ቸብ አደርገዋለሁ። ይለቃል። ደግሞ ይይዛል። ደግሞ ቸብ።
በሽቦው በኩል ጣቶቹ ይመጡብኛል፣ እንደ ሰው ልብ
እየመቱ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ማሳው በውሃ ተሞልቶ፣
ሞንቴ ሮዛ ከነበረዶው ሩዙ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣
አረም የሚነቅሉት ሴቶች፣ እስከ ጉልበት ጭቃ የገቡ፣
ቀና አሉ ከጎነበሱበት፣ ባርኔጣ እያውለበለቡ።
ከሥራችን ሌላ አውሮፕላን፣ ሆዷን ወደኛ ያዞረች፣
ውሃ ለውሃ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አብራን እኩል የበረረች።
ያኔ ዘንጉ እጄ ላይ ቀለለ። ልጁ መጎተቱን ትቶ ነበር።
አርጩሜዬን ጭኔ ላይ አኖርኩ፤ እጄን አነሣሁ፤
ሳያውቀው ብቻውን ይበር ጀመር።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
አልነገርኩትም።

በጥቅምት እናቱ መጣች፣ ሲኞራ ፓልሚራ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር፣
የጨሰ ዓሣ በቅርጫት ይዛ፣ ለማን እንደምትሰጥ ቸግሯት፣ እያየች ከበር በር።
ጓዙን አስረከብናት፤ ምላጭ፣ ሁለት ካልሲ፣ ያልተላከ ካርድ።
ስለ ሞቱ አልጠየቀችም፤ አልፈለገችም ምክንያት፣ አልፈለገችም ፍርድ።
«እዚያ ላይ ሳላችሁ» አለች «ፊቱ ምን ይመስል ነበር?
ሕፃን ሳለ፣ የቤታችንን ደረጃ እንኳ ይፈራ ነበር።»

ምን ልበላት? ማጅራት ቆጥሮ ለሚያድር ፊትን ማን ይሰጠዋል?
ውሸት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ደግ ውሸት ቶሎ ይገኛል።
ከዚያ ያ ማለዳ መጣብኝ፤ ከቆቡ ሥር፣ በሁለቱም በኩል፣
የጆሮዎቹ ጫፍ ሽቅብ ሲሳብ፣
ጠባሳው ሲቀጥን፣ ሲቀጥን፣ እንደ ተሰመረ ኩል።

«ሲኞራ» አልኳት «ሰው ሲስቅ ከኋላም ያስታውቃል።»
ዝም አለች። ቅርጫቱን መሬት አኖረች። «ዙር» አለችኝ፤ እጇ ጢስ ጢስ ይላል።
ኮሌታዬን ዝቅ አድርጋ፣ በሁለት ጣት ፈለገችው፤
«መንጠቆው የአባቱ ነው። እዚህ ጋ ነው የወጋችው?»

«ወደ ግራ» አልኳት። «ትንሽ ወደ ግራ።»

ቸብ አደረገችኝ።
እጄ ባዶ ነበር፤ ሆኖም የሆነ ነገር ለቀቅሁ።